ከቅጽሩ ውጭ ያቆምኳት ሴት

የንስሐ አባት የሆንኩት ጢሜ በቅጡ ሳይሞላ ነው። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ጎንደር ዳር፣ በፀዳ በኩል ባለችው ደብራችን የሚያገለግሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ ዐረፉና የንስሐ ልጆቻቸው ለእኔ ተላለፉ። ዜማውንም ቅዳሴውንም አውቃለሁ፤ ያዘነ ሰው እንዴት እንደሚሰማ ግን ማንም አላስተማረኝም። አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ፊቴን ኮስተር አድርጌ እሄድ ነበር። «ይኸ ቄስ ጥብቅ ነው» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። አሁን ያንን ደስታ ሳስታውስ የምገባበት ይጠፋኛል።

ከተላለፉልኝ ሰዎች መካከል ሠላሳ ያልሞላት አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ እህል ነጋዴ ነው፤ ጭነት ማኪና ላይ ተሳፍሮ እስከ ዛሪማ ይወርድና ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይመለስ ይቆያል። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ መጣች፤ ከወይራው ሥር ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች። ከዚያም ነገረችኝ። የአራት ዓመት ልጇ ከሞተች ወዲህ እግዜርን አኩርፋዋለች። ጸሎት ስታደርስ «ፈቃድህ ይሁን» ከሚለው ላይ ስትደርስ አፏ ይያዛል። ሌላውን ትለዋለች፤ እሷን ቃል ግን ማለት አቃታት።

ኀጢአቷ ይኸው ነበር። እኔ ግን ስትናገር አልሰማኋትም። ለዚህ ስንት ስግደት ይሰጣል እያልኩ በልቤ መጽሐፍ እገልጥ ነበር። ስለ ማኩረፍ ያነበብኩት አልነበረምና ከክህደት አስጠጋሁት። አርባ ቀን ከቅጽሩ ውጭ ቆማ እንድታስቀድስና በየጠዋቱ አርባ አርባ ጊዜ እንድትሰግድ አዘዝኳት። እጄን ስማ ሄደች።

በእኛ አገር ጾም የገደፈ ሰው ቤቱ ሰግዶ ይጨርሳል። ይህን ያህል ቀን ከቅጽር ውጭ የምትቆም ባለትዳር ግን በሰው ዓይን አንድ ነገር ብቻ ነው ያደረገችው፤ በባሏ ላይ ማግጣለች። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቅ ነበር። ብቻ ስለ እሷ አላሰብኩም፤ ያሰብኩት የቀኖናዬ ጥብቅነት በሰው እንዲታይልኝ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሴቶቹ ሰላም ሳይሏት ያልፉ ጀመር፤ እሷም ዓይኗን መሬት ተክላ ትሰግዳለች።

ባሏ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«አባ፣ ሚስቴ ምን ብትበድል ነው ደጅ የቆመችው?»

«የንስሐ ነገር አይጠየቅም» አልኩና አንገቴን ደፋሁ።

እርግጥ ነው፣ አይጠየቅም። ነገር ግን «ታገሥ» ብዬ እሷን ጠርቼ ላማክራት እችል ነበር። ቀኖናውን በዚያው ቀን ላነሣውም እችል ነበር። ሰውየው ፊቴን አየት አድርጎ ያላልኩትን ሁሉ አነበበና ሄደ። ሳምንቱ ሳይሞላ ዕቃዋን ማኪና ላይ አስጭኖ ድብ ባሕር የሚኖር ወንድሟ ዘንድ ሰደዳት።

የደብሩ አለቃ ይህን ሰምተው አስጠሩኝ። ምን እንደ ተናዘዘች አልጠየቁኝም።

«የጠበቅኸው የእሷን ምስጢር ነው ወይስ የራስህን ስም?» አሉኝ። ሄጄ እግሯ ላይ እንድወድቅም አዘዙኝ።

አልሄድኩም። ጾም ገባ አልኩ፤ ክረምት ሆነ፣ መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ። በየቀኑ ማዕጠንት ሳደርስ ከቅጽሩ ውጭ ባዶውን ቦታ አየዋለሁ፣ መልሼም አላየሁም እላለሁ። መስቀል ካለፈ በኋላ ነው በጭነት ማኪና፣ ከእህሉ ኬሻ ላይ ተሳፍሬ የወጣሁት። እስክደርስ ድረስ የምላትን ጥቅስ ስደረድር ዋልኩ።

እሷ በወንድሟ ቤት ደጃፍ ሽንብራ ታበጥር ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ቀረሁ፤ እግሬ አልገባ አለኝ። አየችኝና ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ምነው ውጭ ቆሙ፣ አባ? ይግቡ እንጂ።»

የደረደርኩት ጥቅስ ሁሉ ጠፋብኝ። ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩና «በድዬሻለሁ» አልኳት። ከፈቀደችልኝ ለባሏ እውነቱን እንደምነግረው ነገርኳት።

«ለእሱ አይንገሩት» አለች። «እኔን ሳይጠይቅ ነውሬን ካመነ ሰው ቤት አልመለስም። እንደኔ ላኮረፈች ሴት ግን ይንገሯት፤ ብቻዋን እንዳይመስላት።» ቀና ብላ አየችኝና ቀጠለች፦ «እርስዎም ቢሆኑ ያን ዕለት ምንም አልጠየቁኝም። ልጄ ስሟ ማን እንደነበር እንኳ።»

ጭስ እንደገባበት ሁሉ ዓይኔ ዕንባ ሞላ። አርባ ስግደት ቆጥሬ ስሰጣት የሞተችው ልጅ ስም ያላት አልመሰለኝም ነበር።

«ንገሪኝ» አልኳት።

የክርስትና ስሟንም የቤት ስሟንም ነገረችኝ፤ ከዚያ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ሳቋ፣ እንጎቻ ስለ መውደዷ እየነገረችኝ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ቀኖና አልሰጠኋትም፤ «ፈቃድህ ይሁን» በይም አላልኳትም።

ይህን የጻፍኩት በፈቃዷ ነው። የልጅቱን ስም ግን አልጻፍኩም። በቅዳሴ ሙታን ሲታሰቡ እጠራዋለሁ፤ ከዚያ ዕለት ወዲህ ዘልዬው አላውቅም።