ባቡር ስነዳ ፀበል ተወሰድኩ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ነው። ለሰው ስነግረው ሁሉም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አያስቀኝም። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

በቅደም ተከተል ልናገር፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ከመሃል መጀመር አይሆንልኝም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የምኖረው ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ዳገቱን ሲወጡ፣ እማማ አስካለ በሚባሉ አዛውንት ግቢ ውስጥ ነው። የተከራየኋትን ክፍል ያገኘሁት ብዙ ተንከራትቼ ነው። በየሄድኩበት “ላጤ አናከራይም” ይሉኝ ነበር። እማማ አስካለም የተቀበሉኝ አስተማሪ መሆኔን ሰምተው ነው። ያኔም ቢሆን “እኔ የምፈልገው ሰላም ብቻ ነው ልጄ። ሰላም የነሳኸኝ ቀን ትወጣልኛለህ” ብለው አስጠንቅቀውኛል። ግቢው ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው ሌላ ሰው የለም። የእኔን ክፍልና የእሳቸውን መኝታ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

አንድ ሱስ አለብኝ። ኮምፒውተር ላይ የእንፋሎት ባቡር እሠራለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ባቡር መንዳት የሚያስችሉ የኮምፒውተር ጨዋታዎች አሉ፤ ሐዲዱም፣ ጣቢያውም፣ ዳገቱም ልክ እንደ እውነቱ ነው። ብዙዎቹን ባቡሮች የሚሠሩት እንደ እኔ ፍቅሩ ያደረባቸው ሰዎች ናቸው። የድሮ ፎቶግራፍ እያየን መንኮራኩሩን፣ ጭስ ማውጫውን፣ መንኮራኩሮቹን የሚያያይዘውን ረጅም ብረት አንድ በአንድ እንሠራለን። ከዚያ እንዲንቀሳቀስ እናደርገዋለን። ሲያልቅ ኢንተርኔት ላይ እንለቀዋለን፤ የፈለገ ሰው በነፃ ወስዶ ይነዳዋል። እኔ የሠራሁት ድሮ በጅቡቲ መስመር ይሄድ የነበረውን ዓይነት ነው። ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

ባቡሩን ስለቀው ጥቂት ሰዎች ወሰዱት። የጻፈልኝ ግን አንድ የሩቅ አገር ሰው ብቻ ነው። “ፍሬኑ ቶሎ አይዝም” አለኝ። አስተካክዬ መልስ ጻፍኩለት፤ ተመልሶ አልመጣም። እኔ ደግሞ አንድ የአገሬ ሰው እንዲነዳው በጣም እመኝ ነበር። ስለዚህ አነዳዱን በአማርኛ የሚያስረዳ ቪዲዮ መሥራት ጀመርኩ።

ክረምት ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ባልደረቦቼ ወደየቤተሰባቸው ሄዱ። እኔ እናቴ ካረፈች ወዲህ የምሄድበት የለኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውልና አመሻሽ ላይ ያባራል። ያኔ ኢርፎኔን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማስረዳት እጀምራለሁ። ሱቅ ሄጄ ዳቦ ከመጠየቅ በቀር ቀኑን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው ቃል ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የባቡሩ ድምፅ በኢርፎኑ የሚሰማው ለእኔ ብቻ ነው። ግድግዳውን አልፎ የሚሄደው የእኔ ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት ጮክ ብዬ ነው የማስረዳው። “እሳቱን ጨምሩ! አይዟችሁ፣ አትፍሩ! ውሃው እያለቀ ነው፣ ውሃ! አሁን ካላበረድነው ይፈነዳል! ጎሽ የኔ ልጆች፣ በሉ እንሂድ!” እላለሁ።

የእማማ አስካለ ሁኔታ ተለወጠ። መጀመሪያ ቡታጋዜን “ላንድ ቀን ልዋሰው” ብለው ወሰዱ፤ አልመለሱልኝም። ክብሪቴንም ወሰዱ። ከዚያ ሽሮ በሳህን እያመጡ በሬ ላይ ቆመው ክፍሌን ጥግ እስከ ጥግ ያዩ ጀመር።

“እንቅልፍ ይወስድሃል?” አሉኝ አንድ ቀን።

“ደህና አድርጎ ይወስደኛል፣ እማማ።”

“የክርስትና ስምህ ማነው?”

“ወልደ ሰንበት።” ይህን ስም እናቴ ከሞተች ወዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ በስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው። “እኔማ ፈርቻለሁ። እንዲህ ሆኖ እንዴት አብሬው እኖራለሁ?” ይላሉ። በቃ፣ ሊያስወጡኝ ነው አልኩ። በዚያ ዝናብ ላጤ የሚያከራይ ሌላ ሰው ፍለጋ ስዞር ታየኝ። ምን እንዳጠፋሁ ግን አላወቅኩም።

ስለዚህ “ነገ ጠዋት እንጦጦ ፀበል አብረኸኝ ውጣ፤ ምንም ሳትቀምስ ና” ሲሉኝ ደስ አለኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደጋፊ ፈልገው ነው ብዬ አሰብኩ። በደንብ ከረዳኋቸው ያስቀሩኝ ይሆናል።

ጠዋት ስወጣ የእህታቸው ልጅ ሳምሶን በር ላይ ቆሟል። ታክሲ ነጂ ነው፤ በሩን የሚሞላ ግዙፍ ሰው።

“ቲቸር! እንዴት ነህ? ሰላም ነው? ምንም የለም አይደል?” አለና ክንዴን ያዘኝ። “ቀስ በል፣ ያዳልጣል።”

እማማ አስካለ ያለ ደጋፊ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ የተደገፍኩት እኔ ነኝ። ባሕር ዛፉ በጉም ተሸፍኗል። ዝም ብሎ መሄድ ስለከበደኝ ጉም እንዴት እንደሚፈጠር ለሳምሶን አስረዳሁት። እሱም “እሺ ቲቸር። ልክ ነህ ቲቸር” ይለኛል።

“አትከራከረው” አሉት እማማ ዞር ብለው።

ማንም ግን አልተከራከረም ነበር።

ፀበሉ ጋ ሰልፉ ረጅም ነው። ጫማችንን አውልቀን ቆምን። ተራችን ሲደርስ አጥማቂው ወደ እኛ አየና “በሽተኛው የትኛው ነው?” አለ። ለእማማ ቦታ ልለቅ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ። እሳቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

“እሱ ነው አባቴ። ወልደ ሰንበት ይባላል።”

“ምን ሆኖ?”

“ማታ ማታ የሌለ ሰው ያናግራል። እሳት ጨምሩ ይላቸዋል።”

አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ቡታጋዙም፣ ክብሪቱም፣ ሳምሶንም። ማስረዳት ሥራዬ ነውና ወዲያው ጀመርኩ።

“ተሳስታችኋል! እኔ እኮ ባቡር ነው የምነዳው።”

“ውይ፣ በስመአብ!” አለች ከኋላዬ ያለች ሴት።

“እውነተኛ ባቡር አይደለም! ድምፁ የሚሰማው ለእኔ ብቻ ነው። የማናግራቸውም ሰዎች...”

ሳምሶን ክንዴን ጠበቅ አደረገው። “አይዞህ ቲቸር፣ ያልፋል።”

ባስረዳሁ ቁጥር እየባሰብኝ መሄዱን አየሁ። እንዲያም ሆኖ አላቆምም ነበር። ግን እማማ አስካለን አየኋቸው። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንበርክከዋል፤ ነጠላቸው ጭቃ ነክቷል። “እመቤቴ፣ ወልደ ሰንበትን ማሪልኝ። ሰው የለውም” ይላሉ። ደጋግመው “ሰው የለውም” ይላሉ።

ሸሚዜን አውልቄ ገባሁ።

የነሐሴ እንጦጦ ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ የገባበት ያውቀዋል። ትንፋሼ ተቋረጠ። ማልቀሴን እዚያ ማንም አላወቀብኝም፤ ሁሉም ፊት እርጥብ ነበር።

ስንወርድ ሳምሶን ጃኬቱን አለበሰኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነገሩን ከመጀመሪያ ጀምሮ በተራ አስረዳሁ። ሳምሶን መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ።

“እኔ እኮ ቲቸር፣ ገመድ ሁሉ ይዤ ነው የመጣሁት!” ቦርሳውን ከፍቶ አሳየኝ። እውነትም ገመድ ነበር።

እማማ አላመኑም። ቤት እንደደረስን ወንበር ላይ አስቀምጬ ኢርፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ባቡሩ ሲያፏጭ “ኧረ በእመቤቴ!” ብለው ጠረጴዛውን ያዙ። ድልድዩን አልፎ ከኮረብታው ኋላ እስኪጠፋ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

“ቆንጆ ነው” አሉ። “ታዲያ እነዚያ የምታናግራቸው?”

“ቪዲዮውን የሚያዩ ሰዎች ናቸው።”

“የታሉ?”

“እስካሁን ማንም አላየውም።”

እማማ አስካለ አተኩረው አዩኝ።

“እና እኔ ምን አልኩ?”

ሳምሶን መሳቁን አቆመ። የማስረዳው ነገር ያለቀብኝ ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

“ልውጣ እንዴ፣ እማማ?” አልኳቸው በመጨረሻ።

“የት ልትሄድ? ቁጭ በል። ይፈነዳል እያልክ ግን አታስደንግጠኝ።”

አሁንም እዚያው ክፍል ነኝ። ቪዲዮዎቹን አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ሰው ያያቸዋል። በሽተኛ ተብዬ ሰው ፊት መቆሜ አሁን አያሳፍረኝም። አንድ ሰው በስሜ ለምኖልኛል፤ ይህ ለስንቱ ይደርሰዋል? አመሻሽ ላይ ማስረዳቴን ስጨርስ ከግድግዳው ማዶ “ደረሰ?” ይሉኛል። “ደርሷል፣ እማማ” እላለሁ። “ተመስገን” ይላሉ።

በቅርቡ እማማ አስካለ እህታቸው ታመውባቸው ሊጠይቁ ሄደው እዚያው ሰነበቱ። እኔም እንደ ልማዴ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ እሳቱን አነደድኩ፤ ውሃውን ሞላሁ። ከግድግዳው ማዶ “ደረሰ?” የሚለኝ እንደሌለ ሳስብ ግን አፌን ከፍቼ ቃል ማውጣት አቃተኝ። ባቡሩን ጣቢያው ላይ እንደቆመ ትቼ፣ ኢርፎኑን አውልቄ፣ የቆርቆሮውን ዝናብ ሳዳምጥ አመሸሁ።