ወፍጮና የጨረቃ ድንጋይ

ሰፈሩ ሁሉ «ወፍጮ» ይላታል። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትፈጭ ስለምትውል ነው እንጂ እንደ እሷ ለስላሳ ሰው የት ይገኛል! በታላቅ እህቷ የጌጣጌጥ ሱቅ ጓዳ፣ ውሃ ከሚንጠባጠብበት መፍጫ ማሽን ፊት ተቀምጣ ሻካራውን ድንጋይ መስታወት ታስመስለዋለች። ከሁሉ የምትወደው ግን የጨረቃ ድንጋይን ነው። የእሱ ነገር ከተነሳማ አለቀልሽ! የጥንት ሰዎች የረጋ የጨረቃ ብርሃን ነው ይሉ እንደነበር፣ ፍቅረኞች ጨረቃ ስትሞላ አፋቸው ውስጥ ይዘው መጪው ዕድላቸው ይታየናል ብለው ያምኑ እንደነበር ትተርክልሻለች። «የዋጠውስ ምን ታየው?» ብለው ቢያሾፉባት ግድ የላትም።

የሴት ልጇ የሠርግ ቀን ሲቆረጥ የሙሽራው እናት ሱቅ ድረስ መጡና ከቦርሳቸው ባቄላ የሚያህል፣ ደብዛዛና ጠፍጣፋ ድንጋይ አወጡ። የጨረቃ ድንጋይ! ከሟች እናታቸው የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። ለልጅሽ ቀለበት ይሁናት፣ አንቺ እንዳወቅሽ አድርጊው፣ ብቻ አደራ አሏት። ወፍጮ በደስታ የምትሆነውን አጣች።

ስትረጋጋ ደግሞ ፈራች። የጨረቃ ድንጋይ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ያለ ቦታው ከነኩት ለሁለት ይሰነጠቃል። ይሄ ቢሰነጠቅ ምትክ የለው፣ ልጇም ትዳሯን በአማት ቂም ልትጀምር ነው። መብራት ሥር እያገላበጠች አየችው። የድንጋዩ ብርሃን አለ! ግን ጠርዙ ሥር ተሸጉጧል። ድንጋዩን ቀድሞ የቀረጸው ሰው ለትልቅነቱ ሳስቶ፣ ብርሃኑን ጥግ አስይዞት ነበር። መሀል ለማምጣት ድንጋዩን በሌላ ጎኑ አዙሮ ግማሹን ያህል ፈጭቶ መጣል ነው።

እህቷ ይህን ስትሰማ አብደሻል ወይ፣ የሰው አደራ አይደለም ወይ፣ ወልውለሽ ስጫቸው ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው፤ ብትወለውለው ማንም አይቀየማትም። ወፍጮ ግን ወንበሯን ሳበችና ማሽኑን አስነሳች። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ በየመሀሉ እያቆመች ብርሃኑን እያየች ፈጨችው። ስታበቃ አተር አክሏል።

ሴትየዋ ከሙሽሪት ጋር ሲመጡ ቀለበቱን ገና ከማየታቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«የቀረውስ የት አለ?» አሉ።

ወፍጮ ቀለበቱን ጣታቸው ላይ አጠለቀችላቸውና እጃቸውን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ሰማያዊው ብርሃን ከድንጋዩ መሀል ብቅ አለ! እጃቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ላዩ ላይ ይዋኛል።

ሴትየዋ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«እናቴ ውስጡ ብርሃን አለ ትለን ነበር» አሉ። «እኛ ጃጀች ብለን እንስቅባት ነበር።»

እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና እጃቸውን ደግመው አዞሩ፣ ደግመው አዞሩ። ሙሽሪት ጣቷን ዘርግታ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ ማን አስታውሷት! በመጨረሻ እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

«ተያቸው» አለቻት ወፍጮ በሹክሹክታ፣ «ከእናታቸው ጋር ናቸው።»