ከተኩሱ በኋላ የሚመጣው ፈረስ

አባቴ ፈረሱን በፉጨት አይጠራም ነበር። ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ያን አሮጌ፣ ስድስት ጎሬ ያለው ተሽከርካሪ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ ዳማው ፈረስ ከዘንገና ዳገት እየጋለበ ይወርድና ባሩድ ከሚሸተው መዳፍ ላይ ገብሱን ይበላል። ሌላው ፈረስ ከተኩስ ይሸሻል፤ የእኛው ወደ ተኩስ እንዲመጣ ተገርቷል። እኔ ግን ሽጉጡን እንድነካ አንድም ቀን አልተፈቀደልኝም።

አባቴ ሲሞት፣ በለቅሶው ሜዳ የተሸለመውን ፈረስ እየሳበ የዞረው የአጎቴ ወንድ ልጅ ነው። የአባቴን ጠመንጃም ፈረሱንም አጎቴ ወሰደ። ሽጉጡ ለእኔ ቀረ፤ ምክንያቱ ፍቅር አልነበረም። ባሩዱንና እርሳሱን በየጎሬው ለየብቻ እየጨመረ፣ አፉን በሞራ እየደፈነ የሚያጎርሰው ሰው ስላልተገኘ ነው።

እኔ ትዕግሥት ነበረኝ፤ የዶክትሬት ትምህርት ከዚያ ሌላ ያተረፈልኝ ብዙ አይደለም። የመሣሪያ ፈቃዱ በስሜ እንደዞረ ሽጉጡን ፈታሁት፤ ዝገቱን በዘይት አለሰለስሁ፤ የላላውን የምላጭ ሞላ ብረት ሠሪ ዘንድ አስለወጥሁ። ያኔ፣ አገሩ ሰላም ሳለ፣ ተኩስ ገና መዝናኛ ሊሆን ይችል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከማስተምርበት ከእንጅባራ በባጃጅ እየሄድሁ፣ ከአጎቴ ማሳ በታች ካለው ገደል ሥር ጣውላ አቁሜ እተኩሳለሁ። ነጩ ጭስ ጣውላውን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል። ውጤቱ የተወሰነበት፣ ግን ገና የማይታይበት ያ ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጭሱ ሲገለጥ ዳማው ከጎኔ ቆሞ ነበር። አርጅቷል፤ ጎኑ ይወጣል ይገባል። እኔን አላየኝም። ከኋላዬ ያለውን ባዶ ቦታ አየ፤ ከዚያ አፍንጫውን በሽጉጡ እጀታ ላይ አሳርፎ ቆየ። የወይራው እጀታ በአባቴ መዳፍ ልክ ተበልቶ፣ በላቡ ጠቁሯል። ገብስ ዘረጋሁለት፤ አልበላም።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው መጣ። ድምፁ እንዲያንስ ባሩዱን ቀነስሁ፤ መጣ። አጎቴ ከማሳው ሆኖ ይስቃል።

«ዶክተር! ዛሬም ሳትሽው?»

«ጭሱ ነው፣ አጎቴ።»

«ጭሱማ ወንድሜንም ያጨሰው ነበር፤ እሱ ግን አይስትም። ይልቅስ ፈረሱን አታሳብጂብኝ! ጌታህ ሞቷል ብዬ ካሳመንሁት ስንት ጊዜዬ!»

«እርስዎ ካሳመኑት ለምን ይመጣል?»

«አንቺ ስለምትጠሪው ነዋ!»

ልክ ነበር።

የምስትበትን ምክንያትም አውቀዋለሁ። እጀታው ለእጄ ሰፊ ነው፤ ምላጩን ስስብ አፈሙዙ ወደ ግራ ይሸሻል። መለወጥ ነበረበት። ክረምቱን ሙሉ አመነታሁ። ሽጉጡ የእኔ እንዲሆን እፈልግ ነበር፤ ፈረሱ መምጣቱን እንዲተው ግን አልፈልግም ነበር፤ ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን እጠረጥር ነበር። በመጨረሻ ከዋንዛ ቆርጬ፣ በሞረድ ቀርፄ፣ በገዛ መዳፌ ልክ አዲስ እጀታ ሠራሁ።

ዝናቡ እንዳባራ ወጥቼ ተኮስሁ። ጭሱ ሲገለጥ ጣውላው መሀሉ ላይ ተበስቷል። ዳማው እንደ ልማዱ መጣ፤ አፍንጫውን ወደ እጀታው አስጠግቶ አሸተተ። ከዚያ ራሱን አነሣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ። ዞሮ ዳገቱን ወጣ፤ በዝግታ፣ ምንም እንዳልጠፋበት ፈረስ።

«አሁን ገባው» አለ አጎቴ። አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ የሳትሁት ጥቂት ነው፤ ዳማው ግን ተመልሶ አልመጣም። የወይራውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልዬ ከመጻሕፍቴ ጀርባ አኑሬዋለሁ፤ መልሶ ለመግጠም አንድ ብሎን ማጥበቅ ይበቃል። አልገጠምሁትም። ተኩስ እስካቆምሁበት ቀን ድረስ ግን፣ ጭሱ በተገለጠ ቁጥር፣ ጣውላውን ከማየቴ በፊት ዳገቱን አይ ነበር።