ውኃ ያልጠጣው ፍርስራሽ

ዘመኑ 2014 ዓ.ም. ነው፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ የሚፈላው የመንደሬ ሰዎች ስላጠፉ አይደለም፤ ጥፋታቸውን በፍርስራሼ ላይ ስለለጠፉት ነው።

የምኖረው ሉማሜ አጠገብ ነው። መንገድ ሲሰፋ የሲሚንቶ ቤቴ ፈረሰና ፍርስራሹ ደጄ ላይ ተከመረ። ያን ጊዜ የመንደራችን ምንጭ ክዳን አልነበረውም። ከብት እየገባ ያደፈርሰዋል፤ ሕፃናቱ በየክረምቱ በተቅማጥ ይማቅቃሉ። ክዳን እንሥራለት ተባለ። ሲሚንቶና አሸዋ በመዋጮ ተገዛ፤ ጠጠር ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። «የእኔ ፍርስራሽ አለ አይደል» አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ በመዶሻ ፈልጬ ጠጠር አደረግሁት።

ደብረ ማርቆስ ከግንበኞች ሥር ሠላሳ ዓመት አርማታ አቡክቻለሁ። የድሮ አርማታ ተሰብሮ ጠጠር ሲሆን ውኃ ይጠጣል። ከዋዜማው ካላራሱት የሲሚንቶውን ውኃ ይመጥጠዋል፤ አዲሱ አርማታ ይሰነጠቃል። ይህን ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለሙላት ነገርኩት።

ደቦው የተጠራው ለየካቲት 22 ነው። ዋዜማው ማርያም ነች፤ የተነጋገርነውም በዚያው ዕለት፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው።

«ማርያምን ሽረን ውኃ እናመላልስ?» አለኝ።

«ማን ሻሩ አለህ? ደቦውን በአንድ ቀን ግፋው፤ ነገ እናርሰው፣ ከነገ ወዲያ እናቡካው።»

«ጠላው ደርሷል፣ ሰው ተጠርቷል። አያ ታከለ፣ ደግሞ ድንጋይ ይጠማዋል ሊሉን ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ።

በማግስቱ በደረቁ አቦኩት። በሦስተኛው ሳምንት ክዳኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ሙላት ተነሣና «ፍርስራሽ መቼም ፍርስራሽ ነው። አያ ታከለ ቤታቸው ፈርሶ ምንጫችንንም አፈረሱት። የተረፈውን ገደል እንክተተው» አለ።

«አንተ ሙላት፣ የቸኮልከው ለጠላው ነው፤ ድንጋዩ ምን አደረገህ? የቀረን ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ነው። ጠጠሩ ከተራሰ ለሌላ ክዳን ይበቃል። ክምሬን የሚነካ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» አልኩት።

«እንግዲያ ብቻዎን ያርሱት» ብሎኝ ሄደ።

ካራስኩት ጠጠር የተሠራው ሁለተኛው ክዳን ዛሬ ሦስት ክረምት አልፎታል፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለበትም። ሙላት ከክዳኑ ሥር በሚወርደው ውኃ አህያውን ያጠጣል። «ተሳስቼ ነበር» የሚል ቃል ግን ካፉ አልወጣም። እኔም ይቅር አላልኩትም፤ ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። ከእሱ ይልቅ የምናደደው ግን በራሴ ነው። ሲስቁብኝ ምን ዝም አሰኘኝ?

ከስብሰባው ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጀሪካኖቼን በአህያ ጭኜ ከዚያው ከደፈረሰው ምንጭ ተመላለስኩ። ክምሩን እስኪጠግብ አጠጣሁት። ከዚያ ዱላዬን ይዤ አናቱ ላይ ተቀመጥኩ።