ክዳኑን ሳይከፍት

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሞላቸው። ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ሐሪስ ሆነው በር ይጠብቁ ነበር፤ የጣሪያው ውሃ ታንከርም የሚታየው በእሳቸው ነበር። በጣታቸው አንኳኩተው በድምፁ ብቻ ውሃው የት እንደደረሰ ይገምታሉ። ግን ራሳቸውንም አያምኑም፤ ክዳኑን ከፍተው ያያሉ።

አንድ ዓርብ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ተናጋሪው ከምድር ሌላ ሕይወት ያለባቸው ዓለማት ስንት እንደሆኑ በቁጥር ያስቀምጣል።

"ይሄ ሰውዬ አይቷል ወይስ ገምቷል?" አሉኝ በጥርጣሬ።

"ጋሼ፣ ሕይወት የታየው ምድር ላይ ብቻ ነው። ሌላው በስሌት ነው።"

"አንድ ታንከር አንኳኩቶ የሪያድን ውሃ ሁሉ አወቅሁ አለ በለኛ! መገመቱን ይገምት፣ እኔም እገምታለሁ። ክዳኑን ሳይከፍት ግን ቁጥር አይጥራብኝ።"

ሆስፒታል ያረፉ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። መርዶውን ያመጣልኝ ጎረቤታቸው ትከሻዬን ይዞ፣ "አይዞህ ወንድሜ፣ ምንም ሳይሰቃዩ ነው ያረፉት" አለኝ።

"አይተሃል ወይስ ገምተሃል?" ልለው አፌን ስከፍት ዓይኑን ሰበር አደረገ።

ያን ክዳን ሳልከፍተው ተውኩት።