እመ ብርሃን እያልን የሠራነው ዮጋ

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ የምፈራው ምጡን ነበር። ማቅለሽለሹንም፣ የእግሬን እብጠትም፣ ብቻዬን መሆኑንም ችዬዋለሁ። ባሌ ሳንቃ በር የብሔራዊ ፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉት፣ ስለሆነ የወሩን አብዛኛውን የሚያሳልፈው ተራራ ላይ ነው። እኔ ደባርቅ ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ እስካለሁ ድረስ ልጆቹ ፋታ ስለማይሰጡኝ ሐሳብ የለብኝም። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ወገቤ ይቆረጣል፤ እናቴ እኔን ለመውለድ ስንት ቀን እንዳማጠች ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ወሬ ሁሉ ይመጣብኛል።

ስድስት ወር ሲሆነኝ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ አዋላጅ ነርሷ ግፊቴን ለክታ ሳትጨርስ እንባዬ መጣ።

“ምን ሆንሽ?”

“ምንም አልሆንኩም ሲስተር። ብቻ እፈራለሁ።”

ሲስተር ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ከጎንደር ተመድባ የመጣች ቀልደኛ ሴት ናት። መለኪያውን ከክንዴ እየፈታች፣ “ረቡዕ ከሰዓት ከቀሚስሽ ስር ሰፋ ያለ ሱሪ ልበሽና ነይ። ዮጋ እንሠራለን” አለችኝ።

“ዮጋ? እዚህ ደባርቅ?”

“ደባርቅ ውስጥ ሴት አያረግዝም እንዴ?”

ሄድኩ። የምንሠራው በእናቶች ማቆያው ውስጥ ነበር፤ ከሩቅ ገጠር የሚመጡ ሴቶች መውለጃቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት ክፍል ነው። አልጋዎቹን ወደ ግድግዳው ገፍተን ሰሌን አነጠፍን፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደረብን። የደባርቅ ብርድ በሲሚንቶው ሽቅብ ይመጣል። ሲስተር ሥልጠና ላይ ያየችውን፣ ከስልኳም የተማረችውን ነበር የምታሳየን። በጉልበትና በእጃችን ተደግፈን ወገባችንን እንደምትንጠራራ ድመት ማጉበጥና መልሶ ማላላት፣ የአልጋውን ብረት ይዞ ቁጢጥ ማለት፣ በግራ ጎን ተኝቶ ቀስ ብሎ መተንፈስ። መጀመሪያ ሰሞን ከሠራነው የሳቅነው ይበልጥ ነበር። አንዷ ቁጢጥ ብላ መነሳት ሲያቅታት ሌላዋ ልታነሳት ትሞክርና ሁለቱም ይቀመጣሉ።

ስምንተኛ ወሬን ስይዝ መጥታ ከጎኔ የሆነችው ልጅ ግን አትስቅም። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ፓርኩ ውስጥ ካለችው የአምባራስ መንደር በበቅሎ እስከ መኪናው መንገድ፣ ከዚያ በአይሱዙ ያመጧት ባሏና እናቷ፣ የገብሱ አጨዳ ስለደረሰ አድርሰዋት ተመልሰዋል። ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ነው የምትውለው። ሲስተር “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ አሁን አስወጡ” ስትል እሷ ፊቷ ይቀላና ትንፋሿ ይያዛል።

“እናንተ ስትቆጥሩ እኔ የቱ ጋ እንደደረስኩ ይጠፋኛል” አለችኝ ቀስ ብላ። “ያፍነኛል።”

“ተይው፣ እኔም ይጠፋኛል” አልኳት። አይጠፋኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስወጣ አጥሚት በፔርሙስ ይዤላት እሄድ ጀመር። ቀስ በቀስ ስለ እናቷ፣ ትታቸው ስለመጣቻቸው በጎች ታወራኝ ጀመር። “እትዬ” ትለኛለች፤ ያን ያህል ሳልበልጣት።

መውለጃዬ ሲቃረብ አማቴ ሊያርሱኝ ከዳባት መጡ። የቄስ ሚስት ናቸው። አንድ ጠዋት መኝታ ቤት ሲገቡ መሬት ላይ በጉልበትና በእጄ ቆሜ አገኙኝ።

“በስመ አብ! ምን ነካሽ ልጄ? ምጥ ነው?”

“አይደለም እማማ፣ ዮጋ ነው።”

ፊታቸው ተለወጠ። “ይኸ የሕንዶች አምልኮ የሚሉት ነው?”

የምመልሰውን ሳስብ ስልካቸውን አውጥተው ለባለቤታቸው ደወሉ። እማማ ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸው በእግሩ ዳባት የሚደርስ ይመስል ይጮኻሉ፤ የአባባም ድምፅ ከዚያ ወገን ጥርት ብሎ ይሰማል።

“ምን እያሉ ነው የሚሠሩት?” አሉ አባባ።

“እኔ ምን አውቄ! ትተነፍሳለች። ወገቧን ታጎብጣለች።”

“የሌላ አምላክ ስም ይጠራሉ?”

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። “ኧረ ምንም አንጠራም፤ እንቆጥራለን እንጂ” አልኩ።

“እንቆጥራለን ነው የምትል።”

አባባ ሳቁ። “እስትንፋስ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ መተንፈስ ምን ኃጢአት አለው? ይልቅ ሄደሽ በዓይንሽ እዪ። ያ ወገብሽም ሳይሻለው አይቀርም።”

ረቡዕ ዕለት አብረውኝ መጡ። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ፈታኝ አንድ በአንድ ያዩናል። አተነፋፈሱ ላይ ስንደርስ የአምባራሷ ልጅ እንደተለመደው ተያዘች። ያን ቀን ግን አለቀሰች። ሲስተር ልትነሳ ስትል እማማ ቀደሟት፤ ጉልበታቸውን ይዘው ሰሌኑ ላይ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጡ።

“ቁጥሩን ተይው የኔ ልጅ። ስትስቢ ‘እመ’ በይ፣ በሆድሽ። ስትለቂ ደግሞ ‘ብርሃን’ በይ፣ ረዘም አድርገሽ። አብሬሽ ልበል።”

አብረው አሉ። ሲስተርም መቁጠሯን ተወችው። ጥቂት ቆይቶ የልጅቷ ትከሻ ወረደ፤ ሌሎቻችንም ተከተልን። ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት የከተማው ሙስሊም ነጋዴ ሴት ነበረች። “እኔስ እማማ?” አለች እየሳቀች።

“አንቺ ደግሞ በራስሽ እምነት በይ። ትንፋሹ እንደሆነ አንድ ነው” አሏት።

ከዚያ በኋላ እማማ አንድም ረቡዕ አልቀሩም። ሱሪ አልለብስም ብለው በቀሚሳቸው ይሠሩ ነበር። “እኔ ወልጄ ጨርሻለሁ፤ ወገቤ ግን አልጨረሰም” ይላሉ።

የአምባራሷ ልጅ ምጥ ሲጀምራት ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነበርኩ። ሲስተር ደውላ፣ “እትዬን ጥሩልኝ ትላለች” አለችኝ። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ሮጥኩ፤ በዚያ ሆዴ ሮጥኩ ከተባለ። እጄን ጨብጣ ቁጢጥ ትላለች፣ ትነሳለች፣ እመ ብርሃን ትላለች። ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። ጠቅልለው ደረቷ ላይ ሲያደርጉላት ነጠላዋ የት እንደወደቀ እንኳ አላስታወሰችም፤ ፊቷን ሙሉውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ባሏና እናቷ መጥተው ወሰዷት።

የእኔ እንደሷ አልሆነም። ምጡ ማለዳ ጀመረኝና ጤና ጣቢያ ገባሁ። ባሌ ከሳንቃ በር ወርዶ ደረሰ፤ እማማ ወገቤን ያሻሉ፤ እተነፍሳለሁ። ረፋዱ ላይ እንዲያውም፣ “ይኸን ነው እንዴ ስፈራው የኖርኩት?” ብዬ ነበር። እየቆየ ግን ሲስተር መቀለዷን ተወች። የልጁ የልብ ምት ስላላማራት አምቡላንስ ተጠራና ሆስፒታል ገባሁ፤ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለድኩ።

ልትጠይቀኝ የመጣች ጎረቤት፣ “ያ ሁሉ ዮጋ ለዚሁ ነው?” አለች። ክፋት አልነበራትም፤ ግን ስትወጣ አለቀስኩ። አንድ ነገር ያጎደልኩ መሰለኝ። ሲስተር ቁስሌን ልታይ ስትመጣ ጠየቅኳት።

“ምን አጠፋሁ?”

“ምንም። የልጅሽ አመጣጥ ቀና አልነበረም። እኔ ያስተማርኩሽ እንዳትፈሪ እንጂ እንዳትቀደጂ አይደለም። አምቡላንስ ውስጥ ፈርተሽ ነበር?”

አሰብኩ። ፈርቼ ነበር፤ ግን የእማማን እጅ ይዤ እየተነፈስኩ ነበር፤ ሐኪሙ የጠየቀኝንም ሁሉ መልሻለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራትም ተኝቻለሁ፣ ስቄያለሁ። እንዲህ ብዬ ስነግራት ሲስተር ጉንጬን ስማኝ ወደ ቁስሌ ተመለሰች።

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ዳባት ክርስትና ተነሳች። የክርስትና እናት ማን ትሁን ሲባል የአምባራሷን ልጅ አልኩ። አባባ ፈቀዱ፤ ባሌም በስካውቶቹ በኩል መልእክት ላከ። ልጇን አዝላ፣ እናቷ የፈጨችውን በሶ ይዛ መጣች። እሷ ልጄን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የእሷን ልጅ እኔ ያዝኩት። መሃል ላይ በረሃብ ሲያለቅስ ይዤው ወጣሁና ግቢው ውስጥ ጥድ ስር ተቀምጬ አጠባሁት።

ሲጨርሱ ልጄን በነጠላ ጠቅልላ፣ አዲስ ማዕተብ አንገቷ ላይ አስራ ወደ እኔ መጣች።

“አስቸገረሽ እትዬ?”

“ርቦት ነበር፤ አጠባሁት።”

ሳቀች። የእኔም ልጅ ማልቀስ ጀምራ ነበርና አጠገቤ ቁጭ ብላ ጡቷን አጎረሰቻት።