ጃልደሳ ያልፈረመበት ገጽ

ጃልደሳ ከሞያሌ ወጣ ብላ ያለችው የዳበል መንደር ሰው፣ ቦረና ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከሞያሌ በሎሪ ሁለት ቀን በሚያስኬድ አገር፣ ከመሬት ሆድ በሚወጣ እንፋሎት መብራት በሚያመነጭ ጣቢያ ሠርቷል። እንፋሎቱ የሚወጣባቸውን ጉድጓዶች መዝጊያ ቅባት ይቀባል፣ ይፈታል፣ ያጠብቃል። ለሌላው አገር መብራት እየላከ፣ የሱ ሞያሌ ግን በጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተሩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተኛል። ይህ ብቻውን ያንገበግበው ነበር።

ያሁኑ ግን ባሰ። እንግዶች መጡና የጣቢያው ማናጀር እንፋሎቱ ሲጮህ ሊያሳያቸው ፈለገ። ሊከፍትላቸው ያሰበው ጉድጓድ ደግሞ ወር ሙሉ ተዘግቶ ቀዝቅዟል። የቀዘቀዘ ጉድጓድ በጥቂት በጥቂቱ ሁለት ቀን ተንፍሶ ካልሞቀ፣ ውስጡ ያለው ቱቦ ይሰነጠቃል። ጃልደሳ ይህን በእንግዶቹ ፊት ተናገረ። ቦረና ዘንድ በውሃ ጉድጓድ ላይ ጥፋት ያየ ሰው፣ ከብት አጠጪው ሁሉ እየሰማ ይናገራል፤ ነውሩ መደበቁ ነው። ማናጀሩ ግን እንደተሰደበ ቆጠረው። የመዝጊያውን መዘውር በገዛ እጁ አዞረ፤ ቱቦው ተሰነጠቀ፤ ጃልደሳ ተባሮ ወደ ሞያሌ ተመለሰ።

በወሩ አብዱራሺድ የሚባል የሎሪ ሾፌር ከማናጀሩ ወረቀት ይዞ መጣ። ጃልደሳ ከስሙ በቀር ማንበብም መጻፍም አይችልምና ወረቀቱን ለማስነበብ ወደ ሽማግሌው ሀብተሥላሴ ሆቴል ወሰደው።

«ምን ይላል፣ ጋሽ ሀብቴ?»

«‹መዝጊያውን ያለ ትእዛዝ የከፈትኩት እኔ ነኝ› ይላል። ከፈረምክ ሥራህ ላይ ትመለሳለህ።»

«እኔ ነኝ ይላል?»

«አንተ ነህ ይላል።»

«እስቲ ይድገሙት።»

ደገሙት። አብዱራሺድ ሻይውን እያማሰለ ሳቀ።

«ፈርምና ኪባሩዋህን፣ ሥራህን፣ ያዝ፣ ወንድሜ። ወረቀት አይናከስም። እዚህ ምን ልትሠራ ነው፣ የጎልቦን ቆላ ፍየል ቅባት ልትቀባ?»

ጃልደሳ አልሳቀም። «እሱ ሰበረ፣ እኔ ልፈርም? ነገ ሌላውን ይሰብርና ያው ጃልደሳ ነው ይላል።»

«ልጆች አሉህ» አሉ ሀብተሥላሴ ቀስ ብለው።

«አሉኝ። የጉድጓድ ሰባሪ ልጆች ይባሉልኝ?»

ወረቀቱን ገለበጠና በባዶው ገጽ ወደሳቸው ገፋው።

«እዚህ ላይ ይጻፉልኝ። ሁለተኛው ጉድጓድም ተዘግቶ ነው የከረመው። ሁለት ቀን ይተንፍስ። ከዚያ መዘውሩን ሩብ ዙር፣ ከዚያ ቆም።»

«ላባረረህ ሰው ነው ይህን የምትመክረው?»

«እሱን እሳት ይብላው! በኔ ቦታ አግነስ የምትባል ልጅ አስገብተዋል። መዝጊያው አጠገብ የምትቆመው እሷ ናት። እሱማ ይሸሻል።»

ሀብተሥላሴ ጽፈው ጨረሱ። ጃልደሳ ብዕሩን ተቀብሎ ስሙን ከምክሩ ሥር ጻፈ፤ አጥብቆ ስለተጫነው ወረቀቱ አንድ ቦታ ተቀደደ። አጣጥፎ ለአብዱራሺድ ሰጠው።

«ለአግነስ በእጇ ስጣት» አለው። «ለሱ አይደለም።»